ከዋናው ቤት የሚመጣው መስመር

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የአምሳለ ፕሪንተር ማንም ሳያዘው ተነሳ። አምሳለ ሻይዋን ይዛ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ማሽኑ እንደ ልማዱ አቃሰተ፣ ጥርሱን አፋጨ፣ ከዚያ አንድ ወረቀት ስቦ ዋጠ። መጀመሪያ አልደነገጠችም። የወንድሟ ልጅ ዳናይት ከዋናው ቤት ሆና የኮሌጅ ሥራዋን ወደዚህ እየላከች ስታሳትም በሳምንት ሦስት አራቴ የሚሆን ነገር ነው። ብቻ ዳናይት ሁልጊዜ አስቀድማ በመስኮት ብቅ ትልና «አክስቴ፣ ወረቀት አለው?» ብላ ትጮሃለች። ዛሬ የጮኸ ሰው የለም። አንደኛው ገጽ ወጣ፣ ሁለተኛው ወጣ፣ ሦስተኛው ላይ ማሽኑ ሐሳቡን እንደቀየረ ሰው ትንሽ ቆም አለና እሱንም ተፋው።

ይህን የሁለት ኮምፒውተር ጋብቻ የፈጸመችው ዳናይት ናት። የአምሳለ ወንድም ታዲዎስ፣ ሚስቱ ዘውዲና ልጃቸው ዳናይት የሚኖሩት በዋናው ቤት ነው፤ አምሳለ ከጓሮ ባለችው ሰርቪስ ክፍል። በመካከላቸው አሥራ ሁለት እርምጃ ሲሚንቶና አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ አለ። የኢንተርኔቱ መስመር የሚገባው በዋናው ቤት ስለሆነ ሳጥኑ ሳሎን ቡፌ ላይ ተቀምጦ ነበር። ዘውዲ ደግሞ እንደ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አልብሳው ኖሮ፣ ሳጥኑ በሙቀት ሲታፈን ቤተሰቡ ሁለት ወር ሙሉ ጥፋቱን በክረምቱ ሲያላክክ ከረመ። ዳናይት ዳንቴሉን ገፈፈች፣ ሳጥኑን ወደ ጓሮው መስኮት አዞረች፣ የአባቷንና የአክስቷን ኮምፒውተር በአየር ላይ አገናኘች፣ «የጋራ» የሚል አንድ ፎልደር ከፈተችና «በቃ፣ ከእንግዲህ ፍላሽ ይዞ ግቢ ማቋረጥ ቀረ» ብላ አወጀች። በዚያ ፎልደር ውስጥ አንደኛው ቤት ያስቀመጠውን ሌላው ቤት ያያል። ፕሪንተር ያላት አምሳለ ብቻ ስለሆነች ዋናው ቤት ማተም ሲፈልግ ወረቀቱ የሚወጣው እዚህ ነው። ያን ዕለት ዘውዲ ብቻ «ታዲያ የኛን ነገር ሁሉ ታየዋለች ማለት ነው?» ብላ ነበር። ቀልድ ነው ተብሎ ተሳቀ።

አምሳለ ሻይዋን አስቀምጣ ወረቀቶቹን አነሳች። ከማንበቧ በፊት ያየችው አጻጻፉን ነው፤ ሙያ ነውና። ፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ሥር የሚቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች በእጃቸው ያረቀቁትን ማመልከቻ በስልክ አንስተው በቴሌግራም ይልኩላታል፣ እሷ በኮምፒውተር ጽፋ ትመልስላቸዋለች፣ ገጹን በሠላሳ ብር። አሥራ አራት ዓመት በዚሁ ኖራለች። ይህኛው ግን ዳርና ዳሩ ጠቧል፣ አንዷ አራት ነጥብ መስመር ዘላ ብቻዋን ወርዳለች፣ «አመልካች» ከሚለው ቃል ሥር የተሰመረው መስመር ቃሉን አልፎ ሽርሽር ሄዷል። «ምን ዓይነቱ ግዴለሽ ነው የጻፈው!» አለች። ማንበብ የጀመረችው ከዚህ በኋላ ነው።

አመልካች አቶ ታዲዎስ ደምሴ። ሟች እናቴ ወይዘሮ ጀማነሽ ወንድይራድ ጥቅምት አሥራ ሁለት ቀን ከዚህ ዓለም በሞት የተለዩ ሲሆን፣ በሕይወት ዘመናቸው ከእኔ ከአመልካቹ በቀር ሌላ ልጅ ያልወለዱ በመሆኑ፣ ብቸኛ ወራሻቸው መሆኔ በምስክር ተረጋግጦ ማስረጃ እንዲሰጠኝ በማክበር አመለክታለሁ። የምስክሮች ስም፦ አንደኛ አቶ ቢቂላ፣ ሁለተኛ ወይዘሮ ጀሚላ። ቀጠሮው ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት።

ሦስቴ አነበበችው። ውሸት ፈልጋ አጣችበት። ያስፈራትም ይኸው ነው።

ወይዘሮ ጀማነሽ አምሳለን አልወለዷትም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ የጤና ረዳት፣ ድሬሰር ሆነው ኮምቦልቻ መጠለያ ተልከው ሳለ አንዲት የሦስት ዓመት ልጅ የጋዋናቸውን ጫፍ ይዛ አልለቅም አለች። ሥራቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ይዘዋት ካዛንቺስ ገቡ። ስም ሰጧት፣ በባላቸው በአቶ ደምሴ ስም ትምህርት ቤት አስመዘገቧት፣ ከታዲዎስ ጋር በአንድ ትሪ አበሏት፣ በአንድ ቀበቶ ገረፏት። የማደጎ ወረቀት ያሰበ ሰው አልነበረም። ነገሩ በዚያ ቤት የሚታወቅ እንጂ የሚነገር አልነበረም፤ አርባ ዓመት ሙሉ ሁሉም እየተጠነቀቀ ዙሪያውን ሲዞረው ኖሯል። አምሳለ ደግሞ እንዲህ ያለውን ክስ ከሁለቱም ወገን ጽፋ ታውቃለች። ወረቀት የሌለው ልጅ ያለው ማስረጃ ሰው ነው፤ ጎረቤት ቆሞ «እንደ ልጇ ነው ያሳደገቻት፣ ሁላችንም ልጇ ብለን ነው የምናውቃት» ሲልለት። ይህን የሚል ሰው ያጣ ዕለት በሰርቪስ ክፍል የሚኖር ሰው እንግዳ ነው። የመንገዱ ማዶ ሰፈር ለልማት ተነስቶ ሰዉ ገላን ድረስ ተበትኗል፤ በዚህ ቅያስ ወይዘሮ ጀማነሽን ከድሮ ጀምረው የሚያውቁ የቀሩት ሁለት ናቸው። ሁለቱም ወረቀቱ ላይ አሉ። የዚህኛው ረድፍ ተራም ደርሶ፣ ባለፈው ሳምንት ሜትር የያዙ ሰዎች አጥሩን ለክተው፣ ቤቱ በማን ስም እንደሆነ ጠይቀው ሄደዋል። ምትክ ቤት የሚሰጠው ስሙ ላለበት ሰው ነው።

ስልኳ ጮኸ። ታዲዎስ ነው፣ ከአሥራ ሁለት እርምጃ ማዶ።

«አምሳልዬ፣ እንዴት አደርሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ?»

«ደህና። ስሚ፣ እዚያ የወጣ ነገር አለ እንዴ? በስህተት የሆነ ነገር ነካሁ መሰለኝ። የቢሮ ነው፣ ማለቴ፣ ተራ ወረቀት ነው።»

አምሳለ ሦስቱን ገጾች ጉልበቷ ላይ አስተካክላ ደረደረቻቸው። «ቀለም ጨርሷል» አለች። «ባዶውን ነው የተፋው።»

በመስኮቷ በኩል የሳሎኑ መጋረጃ ትንሽ ሲነቃነቅ አየች። «በቃ ተይው፣ ስታዲየም ጋ አሳትመዋለሁ» አለና ዘጋው። ታዲዎስ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰው ነው፣ ሃያ ስድስት ዓመት ወረቀት ሲያገላብጥ የኖረ፤ ወረቀት ተሳስቶ ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ልቡ ስለተቻኮለ ነው።

ጉዱ ደግሞ ጉዳዩን ጎትታ ያመጣችው ራሷ አምሳለ መሆኗ ነው። ኢንተርኔቱ የሚመጣበት የስልክ መስመር በሟች ስም ነበር። ከአርባው በኋላ ጀምሮ «ታዲ፣ መስመሩን በስምህ አዙረውና ፍጥነቱን እናሳድገው፤ ፋይል እስኪደርሳቸው ራፖር ጸሐፊዎቹ ሌላ ጋ እየሄዱብኝ ነው» እያለች ስትነዘንዘው የነበረች እሷ ናት። እሱ «የወራሽነት ማስረጃ ይጠይቃሉ» ሲላት «ታዲያ አታወጣውም? ምን ይዞሃል?» ያለችውም እሷ። የሞት ምስክር ወረቀቱን፣ የጋሽ ቢቂላንና የጀሚላን መታወቂያ በገዛ ማሽኗ ስካን አድርጋ፣ ጥርት አድርጋ «የጋራ» ውስጥ ያስቀመጠችለት እሷ። ማመልከቻውን ብቻ አላጻፋትም። ያኔ ሊያደክመኝ ስላልፈለገ ነው ብላ ተደስታ ነበር።

ሻይዋ ቀዘቀዘ። እስከ ስምንት ሰዓት ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ቆየችና ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች።

የጀሚላ ሱቅ ከቅያሱ መውጫ ላይ ናት፤ በአንድ በኩል የፈረሰ ግንብ፣ በሌላው አዲሱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ በመካከሉ እሷ፣ ሳሙናዋ፣ የላስቲክ ጫማዋና የሽንኩርት ጆንያዋ። ወሎዬ ናት፤ አግብታ እዚህ ሰፈር ከገባች ሃያ ስድስት ዓመቷ። ደንበኛ ከቀነሰ ወዲህ የምታወራው ሰው ስለምትናፍቅ የመጣን ሰው ቶሎ አትሸኝም።

«እንዲያው ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች! ጽሕፈት ቤቱን ማን ላይ ጥለሽው መጣሽ?»

«ሽንኩርት ፈልጌ።»

«መቶ አሥር ገብቷል። እንዳትጮሂብኝ፤ እኔ አልዘራሁት።»

«ግማሽ አድርጊልኝ።» አምሳለ ጀሚላ ሽንኩርቱን ወደ ሚዛኑ ስትጥል ጠበቀቻት። «ነገ ፍርድ ቤት ልትሄጂ ነው አሉ።»

«አዎና! ላንቺው ብዬ እንጂ ሱቄን ዘግቼ ምን ይወስደኛል? ታዲዎስ መጥቶ፣ የመስመሩ ስም ካልዞረ ኢንተርኔቱ ይቆማል፣ አምሳለም ሥራ ፈት ትሆናለች አለኝ። እኔ ደግሞ አንቺ ሥራ ከፈታሽ እዚህ መጥተሽ ቀኑን ሙሉ ልትጨቀጭቂኝ ነው ብዬ፣ ወላሂ ከዚያ ፍርድ ቤት ይሻለኛል ብዬ እሺ አልኩት።» በራሷ ቀልድ ሳቀች።

«ምን ብለሽ ልትመሰክሪ ነው?»

«ምን እላለሁ? ጀማነሽ አልፋለች፣ ታዲዎስ ልጇ ነው። በቃ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም ብሎኛል።»

«ሌላ ልጅ አላት ወይ ቢሉሽስ?»

የጀሚላ እጅ ሚዛኑ ላይ ቀረ። አንዲት ትንሽ ሽንኩርት አንስታ መልሳ አስቀመጠች። «አንቺ ደግሞ! ማን ይለኛል?»

«ቢሉሽ።»

«አምሳለ አለች እላለኋ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ወልዳለች ወይ ካሉኝ ግን መሐላ ነው አምሳለ። ቁርዓን አስይዘው ነው የሚጠይቁኝ። አልወለደችሽማ።»

አምሳለ ይህ ነገር ከሰው አፍ በግልጽ ሲወጣ ስትሰማ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ያውም ሽንኩርት ላይ። «ታውቂ ነበር?» አለቻት።

«ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል እኮ! ስትናደጂ ወሎዬነትሽ ይወጣል እያልኩ ስስቅብሽ ምን መስሎሽ ነበር?» ጀሚላ ፊቷን አየችና ሳቋን ዋጠችው። «ምነው? ምን ሆንሽ? የሆነ ነገር አለ?»

«ምንም። ኢንተርኔቱ እንዳይቆም ፈርቼ ነው።»

ሃምሳ አምስት ብሯን ከፍላ ወጣች። መናገር ትችል ነበር፤ ወረቀቱ ነጠላዋ ሥር ነበር። ግን ጀሚላን ለምስክርነት እንዳትሄድ ማለት፣ ወይም ሄደሽ እንዲህ በይ ማለት፣ ለአርባ ዓመት የታዲዎስ እህት ሆኖ ለኖረ ሰው ቀላል አይደለም። በዚያ ላይ ምናልባት፣ አለች በልቧ፣ ምናልባት እውነትም ለመስመሩ ብቻ ይሆናል። ሰው በገዛ ወንድሙ ላይ እንዲህ ያለ ምናልባት ቢያስቀምጥ አይፈረድበትም።

ጋሽ ቢቂላን ያገኘቻቸው ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ነው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ የዕድሩ ዳኛም እሳቸው። የጎረቤታቸው ቤት ሲፈርስ የጋራ ግድግዳው ግማሹ ስለሄደ አሁን የሳሎናቸው አንድ ጎን በሸራ ተጋርዷል፤ ንፋስ በነፈሰ ቁጥር ሸራው ይነፋል፣ ይሟሽሻል። ሁለቱም ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኖ ሰውን የሚለዩት በእርምጃው ነው።

«አምሳለ ነሽ። ዛሬ ምነው እግርሽ ከበደ?»

«ሽንኩርት ይዤ ነው፣ ጋሽ ቢቂላ። እንዴት ዋሉ?» ከአጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ስለ ሸራው ጠየቀቻቸው፣ ስለ ዓይናቸው ቀጠሮ ጠየቀቻቸው፣ ሬዲዮው ያወራውን ጠየቀቻቸው፣ ከዚያ ድንገት የመጣላት አስመስላ «የዕድሩ መዝገብ እርስዎ ጋ ነው?» አለች።

መዝገቡን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ጥቁር ሽፋን ያለው፣ እንደ ትሪ የሰፋ ትልቅ ደብተር፤ ለእያንዳንዱ አባል አንድ ገጽ፣ በገጹ ላይ ያ ሰው ቢሞቱበት ዕድሩ ድንኳን የሚተክልለት ቤተሰብ ሁሉ በየስሙ። እዚያ ላይ ልጅ የተባለ ልጅ ነው። የቀበሌ መታወቂያ ሳይኖረው በዕድር መዝገብ ብቻ ሰው የሆነ ስንት አለ።

«ነበረ። ታዲዎስ ወሰደው። ሰዉም ተበታተነ፣ መዝገቡም ሻገተ፣ በኮምፒውተር ላስጽፍላችሁ አለ፤ ዳናይት እየጻፈችው ነው። ጎበዝ ልጅ።»

«የእማዬ ገጽ ላይ ማን ማን ነበርን?»

«እናንተዋ! ደምሴ፣ ታዲዎስ፣ አምሳለ። ያን ዕለት ሰማያዊው እስክሪብቶ አልቆብኝ ያንቺን በቀይ ነው የጻፍኩት። ጀማነሽ በላዬ ላይ ቆማ፣ ‹አምሳለን ጽፈህ ካላሳየኸኝ ንቅንቅ አልልም› ስትል ትዝ ይለኛል።» ሽማግሌው ሳቁ። «ማታ ታዲዎስ ያንኑ ገጽ አሳትሞ ያመጣልኛል፤ ማኅተም ላሳርፍበትና ነገ ከቃሌ ጋር ለዳኛው ይቀርባል። ያንቺ ኢንተርኔት እንዲህ ያንከራትተን?»

«ሲያመጣልዎት ያነቡታል?»

«በየትኛው ዓይኔ? ዳናይት ታነብልኛለች። ደግሞ የኮምፒውተር ጽሕፈት ምን ይነበባል፣ እንደኔ እጅ የተንጋደደ አይደል!»

የምትለው የአምሳለ ምላስ ላይ ነበር። «ጋሽ ቢቂላ፣ ወንድሜ ከእናቴ ሊፍቀኝ ነው።» ይህችው ናት ዓረፍተ ነገሯ፤ የዚህችን ዓይነት ስንት ሰው ከፍሏት ጽፋለታለች፣ አንዳንዴም እንባቸውን እየጠረጉ ሲያስረዱ በልቧ «ወደ ነጥቡ ግቡ» ትል ነበር። አሁን የራሷን ሳትናገር ሽንኩርቷን አነሳች። ሸራው ተነፋ፣ ሟሸሸ። «እግዚአብሔር ይማርዎት» ብላ ተነሳች። ሽማግሌው ጭንቅላታቸውን ወደ እርምጃዋ አዘንብለው ለረጅም ጊዜ ሲያዳምጡ ቆዩ።

አሥር ሰዓት ገደማ ግቢ ስትገባ ታዲዎስ ከሥራ ቀድሞ መጥቷል። ልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ቆሞ ነበር፤ እየጠበቀ ይሁን እየገባ አልለየም። በአንድ እጁ ቦርሳው፣ በአንድ እጁ ፌስታል።

«ወዴት ጠፋሽ?»

«ሽንኩርት ልገዛ።»

«ቀለም ገዛሽ?»

«አልገዛሁም።»

«ልግዛልሽ? የትኛው ቁጥር ነው?»

«ተወው፣ ሥራ የለኝም።»

ራሱን ነቀነቀ። የእናታቸው ወንበር እዚያው ደጃፉ ላይ ነው፤ ከሐዘኑ ወዲህ ማንም አልተቀመጠበት፣ ማንም አላነሳው። ሁለቱም ወንበሩን አዩት። ከዚያ ታዲዎስ ፌስታሉን ዘረጋላት። «ሙዝ ነው። ወሎ ሰፈር ጋ ርካሽ አግኝቼ። ውሰጂ፣ ግማሹን አይደለም፣ ሁሉንም።» ታዲዎስ ቆጣቢ ሰው ነው፤ ሁለት ኪሎ ሙዝ ለአንድ ሰው ሲሰጥ አይታ አታውቅም። ተቀበለችው። ፌስታሉ እጇ ላይ ከበዳት። የሚሸኙትን ሰው ነው እንዲህ የሚያስታጥቁት።

ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች፣ ኮምፒውተሩን ከፈተች፣ «የጋራ» ውስጥ ገባች። የዳናይት ፎቶዎች፣ የዘውዲ የልደት ኬክ ዝርዝር፣ የታዲዎስ የሥራ ደብዳቤዎች። «ዕድር» የሚለው ፋይል ከታች ነበር። ስትከፍተው ቀስ እያለ ተንጠባጠበባት፤ መስመሩ ዛሬ ደግሞ ቀንድ አውጣ ሆኗል። ሰንጠረዡ መጣ። የሞቱ አሉ፣ የሄዱ አሉ፣ አንዳንዶቹን የምታውቃቸው በልጅነቷ ኳስ ሲቀሟት ነው። ተራ ቁጥር ሠላሳ ሰባት፣ ወይዘሮ ጀማነሽ ወንድይራድ። ባል፣ ደምሴ። ልጅ፣ ታዲዎስ ደምሴ። ልጅ፣ አምሳለ ደምሴ።

ጣቷን ስክሪኑ ላይ፣ ስሟ ላይ አሳረፈች። አለች። ዳናይት መዝገቡን እንዳለ ገልብጣዋለች። ፋይሉን ሳትዘጋ ቅጂውን በራሷ ኮምፒውተር ላይ አስቀመጠች፤ ይህ ፍርሃት ሳይሆን የጸሐፊ ልማድ ነው፣ ወይም እንደዚያ አለች። ከዚያ ገጹን እንደከፈተች ተቀምጣ ቀረች። ዋናው ቤት ውስጥ ሰው ሲነጋገር ይሰማል፤ ቃሉ አይለይም፣ ዜማው ብቻ። የታዲዎስ ወፍራም ድምፅ ይሄዳል፣ የዳናይት ቀጭን ድምፅ አንዴ ብቻ ይመለሳል፣ እንደገና የታዲዎስ ይሄዳል። ዘውዲ «በቃ ጻፊና ገላግዪን!» ስትል ይህች ጥርት ብላ ተሰማች።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ። ዳናይት ናት። ሁልጊዜ ሳታንኳኳ የምትገባ ልጅ።

«አክስቴ፣ የዕድሩን ፋይል ከፍተሽዋል እንዴ?»

«ከፍቼዋለሁ።»

«ማለቴ፣ እኔ ጋ ሴቭ አላደርግም እያለኝ ነው። ‹አምሳለ ይዛዋለች› ነው የሚለው።» ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ኮምፒውተሩ ላይ የአክስቷን ስም የጻፈችው ራሷ ስለሆነች። «ትዘጊልኛለሽ?»

«ምን ልታስተካክዪ?»

«ምንም። ትንሽ ነገር ነው። ፎርማት ምናምን።»

«የትኛው መስመር ላይ ነው?»

ዳናይት ነጠላ ጫማዋን አየች። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ የኮምፒውተር ተማሪ ናት። ፋይል ተይዟል ሲላት ሌላ ስም ሰጥታ ማስቀመጥ ለእሷ የአምስት ሰከንድ ሥራ ነው፤ ይህን አምሳለም ታውቃለች። ታዲያ ግቢውን አቋርጣ ዝጊልኝ ልትል ለምን መጣች?

«መዝገቡ የት ነው፣ ዳኒ?»

«አባዬ ቢሮ ወሰደው።» ወደ ዋናው ቤት ዞር ብላ አየች። «እኔ እንዳለ ነው የጻፍኩት አክስቴ። በቀይ ነው ያለሽው። እንዳለ ነው የጻፍኩት፣ በእናትሽ።»

«አይቻለሁ።»

«አባዬ ጊዜያዊ ነው አለኝ። ቤቱን በአንድ ስም ካላደረግነው ሁላችንም እናጣዋለን፣ ምትኩ ሲሰጥ ለእሷም ክፍል አላት አለ።»

«ይህንን ለእኔ ለምን አልነገረኝም?»

ዳናይት ዓይኗን ወደ ስክሪኑ መለሰች። አምሳለ ግን ማውሱን አልነካችም። ፋይሉ በሁለቱ መካከል ተከፍቶ ቆየ፣ ሠላሳ ሰባተኛው መስመር እንዳለ። ማታ ጋሽ ቢቂላ ዘንድ የሚሄደው ወረቀት በዚህ መስመር ነው የቆመው፤ አምሳለ እስካልዘጋችው ድረስ ደግሞ ማንም አይነካውም። እንዲህ ያለ ሥልጣን በአርባ አራት ዓመቷ ኖሯት አያውቅም፤ አስፈራት።

ከስክሪኑ ጥግ ላይ የመስመሩ ምልክት ጠፋ። በቦታው ትንሽ ቀይ ኤክስ ወጣች።

ሁለቱም እኩል ቀና ብለው አምፖሉን አዩ። ይበራል። መብራት አልሄደም። ሳሎን ውስጥ አንድ ሰው ወደ ቡፌው ሄዶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ የኢንተርኔቱን ሳጥን ሶኬት ነቅሏል።

«ዳናይት!» አለ ታዲዎስ ከወዲያ፣ ለራት እንደሚጠራት ባለ ድምፅ። «ነይ፣ አሁን ሞክሪው! ፋይሉ ይለቅልሻል!»

«አክስቴ» አለች ዳናይት።

«ሂጂ። አባትሽ እየጠራሽ ነው።»

ልጅቷ ቆመች፤ አምሳለ እስክትቆጣት ወይም እስክትለምናት የጠበቀች መሰለች። ሁለቱም ሳይሆን ሲቀር ወጣች፣ በሩንም በሐዘን ቤት እንደሚደረገው ድምፅ ሳታሰማ ገጠም አደረገችው። እርምጃዋ ሲሚንቶው ላይ ቀስ እያለ ሄደ። ከዚያ የዋናው ቤት በር ተዘጋ።

አምሳለ ለመጻፍ ኢንተርኔት አያስፈልጋትም። አዲስ ገጽ ከፈተች። ጣቶቿ መንገዱን ያውቁታል፤ የፍርድ ቤቱን ስም ከላይ፣ ቀኑን ከቀኝ፣ ከዚያ አመልካች፣ ታዲዎስ ደምሴ። ከሥሩ ተቃዋሚ ብላ ጻፈችና ቆመች። አንድ ስምና የአባት ስም ነው የሚያስፈልገው። ሌላ አባት አታውቅም፤ ቢኖርም ኮምቦልቻ መንገድ ዳር የት እንደወደቀ የሚነግራት ሰው የለም። አምሳለ ደምሴ፣ ብላ ጻፈች። ሁለቱ ደምሴዎች አንዱ ባንዱ ላይ ተደራረቡ። ከዚያ ወደ ምስክሮች ዝርዝር ወረደች። አንደኛ፣ አቶ ቢቂላ። ሁለተኛ፣ ወይዘሮ ጀሚላ። ሌላ የሚጻፍ ሰው አልነበራትም። ነገ በሦስት ሰዓት ሁለቱ ሰዎች ዳኛ ፊት ቆመው ለወንድምም ለእህትም ይመሰክራሉ፤ ማንን እንደሚጠቅሙ የሚወሰነው ዳኛው መጀመሪያ በሚጠይቃቸው ጥያቄ ነው።

የዋናው ቤት በር እንደገና ተከፈተ። የዳናይት እርምጃ አይደለም፤ ከባድ ነው፣ የታዲዎስ የቆዳ ጫማ ነው። ወደ ውጭው በር፣ ወደ ጋሽ ቢቂላ በሚወስደው በኩል ጥቂት ሄደና ቆመ። ተመልሶ መጣ። በሯ ላይ ቆመ። በሥር በኩል የጫማው ጥላ ሁለት ሆኖ ይታያል፣ ስታዲየም ጋ ያሳተመው ማመልከቻ መሆን አለበት፣ ወረቀትም እጁ ላይ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል።

አላንኳኳም። አምሳለም መጻፏን አላቆመችም፤ እንዲሰማ አድርጋ፣ እያንዳንዱን ፊደል እየመታች፣ ቀጠለች።